ከማጊ ሸለቆ የሚሰማ ድምፅ

ነጎድጓዱ ካለፈ ዘጠነኛው ቀን ነበር። ሮዌና ስትራካን ነፋሱ ከምሰሶው ጫፍ ገንጥሎ የጣለውን አንቴና በረንዳው ላይ አጋድማ ለካችው፤ ሦስት ሜትር ከአሥር ሳንቲም። ነጩ ሽፋን በቁመቱ ተሰንጥቋል። ዘንበል ስታደርገው ዝገት የቀላቀለ ውሃ ከውስጡ ጠብ ጠብ አለ። የስንጥቁን ርዝመት፣ ውሃው የገባበትን ቦታና የኬብሉን ሁኔታ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ሥራው ይህን ሁሉ አይጠይቅም ነበር፤ የተሰበረ ተሰብሯል። ግን እጇ ሥራ ካልያዘ ዓይኗ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ማጊ ሸለቆ ይሄድባት ነበር።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ኮርዴል ደንቆሮ ሆኖ ከረመ። ኮርዴል ከአንዱ አጥር እስከ ሌላው በመኪና ግማሽ ቀን የሚያስኬድ የከብት እርባታ ነው፤ ምዕራቡ ለጥ ያለ የሣር ሜዳ፣ ምሥራቁ የተሰባበረ ቀይ ድንጋይና ገደል። ስልክ የሚሠራው ቤቱ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሮዌና ከቤቱ ሬዲዮ ፊት ትቀመጥና ሜዳ የዋሉትን አንድ በአንድ በስማቸው ትጠራለች። የተጠራው «አለሁ» ብሎ የት እንደሚያድር ይናገራል። ያልመለሰ ካለ ራት አይቀርብም፤ መኪና ይነሣል። ከእናቷ የወረሰችው ሥራ ነው።

በጥቅምት ወር አንድ ሰው አልመለሰም ነበር። ወንድሟ ኮል።

አባቷ ኔቪል ከኋላዋ መጥቶ በእግሩ አዲሱን ሳጥን ገፋ አደረገው። የፖስታ አውሮፕላኑ ነበር ጠዋት ያመጣው።

«ይቺ ናት?» አለ። «ይቺማ የዓሣ ዘንግ ግማሽ አትሆንም።»

«አጭሩን ነው ያዘዝኩት፣ አባዬ።»

«ምን አልሽ?»

አርባ ዓመት የሞተር ጩኸት የበላው ጆሮ ነው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችለት። ኔቪል ሳጥኑን አየ፣ ከዚያ በረንዳው ላይ የተጋደመውን ረጅሙን አየ።

«ጥሩ አደረግሽ» አለ። «ያ ሰውዬ የሰቀለብን ዓይነት ዳግም ቤቴ ላይ አይቆምም።»

ስሙን አይጠራውም። ከኮል ቀብር ቀን ጀምሮ ኦወን ፕራይድ በዚያ ቤት «ያ ሰውዬ» ነው።

«ማን ነው የሚሰቅለው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ እወጣለሁ።»

«አንቺ አትወጪም። አንድ ልጅ ነው የቀረኝ።»

ይህን ብሎ ባርኔጣውን ደፋና የከብት ውሃ ገንዳዎቹን ሊያይ መኪናው ውስጥ ገባ። ሮዌና ሜትሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። እንዲህ በፍቅር ሲናገራት ነበር ከሁሉ የሚከብዳት፤ እውነቱን ቢያውቅ የሚወስድባት ይህንኑ ፍቅር ነውና።

*

እውነቱ አጭር ነበር።

ባለፈው ሰኔ ነጫጭ በቀቀኖች የድሮውን አንቴና ኬብል ቆርጥመው በልተው ጨረሱት። ካታሎጉ ላይ ሁለት ዓይነት ምትክ ነበር፤ ዘጠኝ ቁጥር የተጻፈበት ረጅምና ሦስት ቁጥር የተጻፈበት አጭር። በዚያ አገር ሰው ሁሉ ትልቁን ቁጥር ይገዛል። የጎረቤቱ አንቴና በአንድ ክንድ ከበለጠው እንቅልፍ የሚያጣ ባለ እርባታ ሞልቷል። ኦወን ግን ከሥራው ቦታ ደብዳቤ ጻፈላት፤

«ሮ፣ አጭሩን ግዙ። አንቴና ጉልበት አይጨምርም፣ ያለውን ቅርጽ ነው የሚያስይዘው። አጭሩ ድምፅሽን እንደ ድቡልቡል ሊጥ ይተወዋል፤ ወደ ጎንም አለ፣ ወደ ታችም አለ። ረጅሙ ሊጡን ይዳምጠዋል፤ ሩቅ ይደርሳል፣ ግን ስስ ነው። ምሰሷችሁ ኮረብታ ላይ ነው፤ ሸለቆዎቹ ከእግሩ ሥር ናቸው። ረጅሙ ከላያቸው ዘሎ ያልፋል። ኦወን።»

ኦወን የውሃ ጉድጓድ ጠራጊ ነው። ሁለት ዓመት ኮርዴል ሠርቶ፣ ኔቪል «ልጄ ለጉድጓድ ጠራጊ አልተወለደችም» ባለ ማግስት ዕቃውን ጭኖ ስልሳ አራት ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ፣ ሜዳው ላይ ሥራ ያዘ። የድሮው አንቴና እዚያ አይደርስም ነበር። ሊሰቅል በመጣ ጊዜ ሮዌና ኮረብታው ላይ ብቻቸውን ቆመው ጠየቀችው።

«ረጅሙ አንተ ጋ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«እንግዲያው ረጅሙን ስቀለው።»

«ደብዳቤዬን አንብበሻል?»

«አንብቤአለሁ። ድምፅህን መስማት እፈልጋለሁ።»

ኦወን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ገደሎቹን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ረጅሙን አንሥቶ መውጣት ጀመረ።

ሦስት ወር በደስታ አለፉ። በዚያ አገር እነዚያ ወራት ደረቅ ናቸውና ሸለቆው ውስጥ የሚሠራ ሰው ስላልነበረ ማንም ምንም አላወቀም። አሥራ ሁለት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ያወሩ ነበር። ሬዲዮው የአገር ሁሉ ስለሆነ የሚወራው ስለ ጉድጓድ ጥልቀት፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ኦወን ውሻ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዳፍኒ ኪርክ ከእርባታዋ ሆና ጣልቃ ገባች።

«እናንተ ልጆች» አለች፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት እዚህ ስኖር ስለ ፓምፕ ጎማ እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።»

በማግስቱ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ሁሉ የፓምፕ ጎማ ዋጋ እየጠየቀ አሾፈባት። ሮዌና ጉንጮቿ እስኪያሟት ሳቀች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር፤ የልጃገረድ ሳቅ አሁን ገና የመጣላት መስሏት ነበር።

ከዚያ ጥቅምት መጣ። ኮል አንዲት የጠፋች ጊደር ተከትሎ ሳይናገር ወደ ማጊ ሸለቆ ወረደ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ ጠራችው። አልመለሰም። ጠዋት የሄደው ወደ ሰሜን ስለነበር ሰሜኑን ፈለጉ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከቤቱ አራት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ባለ አራት ጎማ ሞተሩ ወገቡ ላይ ተገልብጦ አገኙት። የእጅ ሬዲዮውን ጨብጦ ነበር። ባትሪውን ሮዌና ራሷ ናት በዋዜማው የሞላችው፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ባትሪ በአንድ ቀን አያልቅም። ሲያዩት ግን ጠብታ አልቀረውም። ያ ማለት ሲጠራት ነበር ማለት ነው። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ።

ከቀብሩ በፊት ኔቪል ሬዲዮ ይዞ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ ወደ ቤት ጠራ። ቤት ያሉት ከመንሾካሾክ በቀር ምንም አልሰሙም። ሠላሳ ዓመት ከዚያ ሸለቆ ሰው ሲጠራ ይሰማ እንደነበረ ያውቃል። መቃብሩ አጠገብ ኦወንን ያዘው።

«ያንን አንቴና ማን ነው የመረጠው?»

ሮዌና አፏን ከፈተች። ኦወን ቀደማት።

«እኔ ነኝ፣ አለቃ።»

አፏን ዘጋች። እስከ ዛሬ ድረስ አልከፈተችውም፤ መቶ ሁለት ቀን። ምሰሶው ላይ የሚወጣ ሌላ ሰው ስላልነበረ አንቴናው እንደቆመ ቀረ። ኦወን ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከስልሳ አራት ኪሎ ሜትር ይጠራት ነበር። ጥርት ብሎ ይሰማታል። አልመለሰችለትም። ሦስት ደብዳቤ ጻፈ፤ አልመለሰችም። ነጎድጓዱ አንቴናውን ሲጥለውና ያ ድምፅ ሲጠፋ መጀመሪያ የተሰማት ዕረፍት ነበር፤ ቀጥሎ ያን ዕረፍት ጠላችው።

*

ሽማግሌው ከብት ነጂ ስኖው ኮረብታው ላይ የብሎን ቁልፎች ደርድሮ ይጠብቃት ነበር።

«አባትሽ ሳያይ ልትወጪ ነው፣ አይደል?» አላት።

«አሥራ ሁለት ሜትር ነው። ገመድ አለኝ።»

«ያ ገመድ የልብስ ማስጫ ነው፣ የኔ ልጅ። አንቺ ብትወድቂ ኔቪል የሚሰቅለው እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ ከአንቴናው ይልቅ ከባድ ነኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለዚህ ከቤቱ ስልክ ደውዬ ሰው ጠርቻለሁ።»

«ማንን?»

«ከዚህ እስከ ከተማ የመውጫ ቀበቶ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተቆጪ፤ መጥቷል።»

አቧራ የለበሰው ፒካፕ ከአጥሩ በር ወዲህ ደርሶ ነበር። ኦወን ወረደ። ከስቷል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ባርኔጣውን አወለቀና እንደ እንግዳ ሰው ቆመ። ስኖው ወዲያው ከኮረብታው በታች ያለ የውሃ ቧንቧ የሚያይ ሰው ሆነ።

«የትኛውን ነው ያዘዝሽው?» አለ ኦወን።

«አጭሩን።»

ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ጥያቄ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነበር። ሳጥኑን ከፈተ። አንቴናው አንድ ሜትር ያህል ነው። ብሎኖቹን ቆጠረ፣ የኬብሉን ጫፍ አየ፣ መዳቡ አረንጓዴ የሆነበትን አንድ ጣት ያህል ቆርጦ ጣለ። ሮዌና አዲሱን ማያያዣ ስታቀብለው ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ቶሎ አነሡ።

«አንድ ነገር ንገሪኝና ልውጣ» አለ። «ስጠራሽ ትሰሚኝ ነበር?»

«እያንዳንዱን ቀን።»

«እንዳልሰማሽኝ ለራሴ ስነግረው ነበር። አንቴናው ተበላሽቷል፣ የሬዲዮውን ሞገድ ቀይራለች እያልኩ። ከመጥላትሽ ያ ይሻለኛል ብዬ።»

«አልጠላሁህም። አንተ የኔን ተሸክመህ እኔ ምን ብዬ ልመልስልህ? ስለ ነፋስ ላውራህ?»

«ያንቺን አልተሸከምኩም» አለ ኦወን። «አንቺ ጠየቅሽ። የሚሆነውን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ አውቄ ሰቀልኩት። ስለምወድሽ። ‹እኔ ነኝ› ስል አልዋሸሁም፣ ሮ።»

ይህን ብሎ ቀበቶውን አሰረና መውጣት ጀመረ። እሷ ከታች ቆማ የጫማውን ሶል አየች። ይቅር የሚላት ሰው ብታገኝ ኖሮ ይቀላት ነበር፤ ያገኘችው ጥፋቱን የሚካፈላት ሰው ነበር።

*

ኔቪል ከሚጠበቀው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ተመለሰ። ፒካፑን አየና መኪናውን እስከ ኮረብታው አናት ነዳው። በሩን ሳይዘጋ ወረደ።

«የማን ነው ይሄ?»

«የምታውቀው ሰው ነው፣ አለቃ» አለ ስኖው።

ኔቪል ቀና ብሎ ምሰሶው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን ሰው አየ። ፊቱ ነጣ።

«ውረድ!»

«ሁለት ብሎን ነው የቀረኝ» አለ ኦወን ከላይ።

«ልጄን በገደልክበት እጅ ቤቴን አትነካም! ውረድ አልኩህ!»

«አባዬ» አለች ሮዌና።

አልሰማትም። ወደ ምሰሶው እየሄደ ነበር። ከፊቱ ገብታ ቆመች።

«አባዬ! እሱ አይደለም የመረጠው።»

«ምን?»

እጁን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ራሱን ወደ እሷ ዘንበል አድርጎ፣ በትዕግሥት። መቶ ሁለት ቀን ይህን ቃል በሹክሹክታ ነበር ያሰበችው፤ ወይ በረንዳው ላይ፣ ወይ በደብዳቤ። ጮኻ ትናገረዋለች ብላ አላሰበችም።

«ረጅሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ!»

«አንቺ?»

«እሱ አጭሩን ግዙ ብሎ ጽፎልኝ ነበር! ሸለቆው እንደማይሰማ ነግሮኝ ነበር! ደብዳቤው ቤት አለ!»

ስኖው ባርኔጣውን አወለቀ። ከላይ የብሎን ቁልፉ ድምፅ ቆመ።

«ለምን?» አለ ኔቪል። በዝግታ ነው ያለው፤ ለዝግታው ግን በዝግታ መመለስ አትችልም።

«ድምፁን ለመስማት! ድምፁን ለመስማት ብዬ ነው!»

ጩኸቷ ከምሰሶው ሥር ባለው ባዶ የውሃ በርሜል ውስጥ ገብቶ ተመለሰባት። ኔቪል እጁን ከጆሮው ቀስ ብሎ አወረደ።

«ኮል የሞተ ዕለት» አለ፣ «ከዚያ ሰውዬ ጋር ስታወሪ ነበር?»

ሮዌና ልክ እንደሆነው ከመናገር ሌላ አታውቅበትም። «የኮልን ስም ከጠራሁ በኋላ ከማንም ጋር አላወራሁም። ከዚያ በፊት አውርቻለሁ። ሩብ ሰዓት። ያኔ ቢጠራኝም በዚያ አንቴና አይሰማኝም ነበር። ግን አውርቻለሁ።»

አባቷ አልመታትም፤ አልሰደባትም። እንደማያውቃት ሰው ፊቷን በደንብ መረመረው። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ላይ፣ «ጨርስ» አለ፤ የስኖውን የእጅ ሬዲዮ ከወገቡ ፈትቶ ወሰደና መኪናውን ወደ ምሥራቅ አዞረው።

*

ኦወን ወርዶ የኬብሉን መጋጠሚያ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ሦስት ዙር ጠቀለለው። ወደ ሬዲዮው ክፍል ገብተው መለኪያውን አገናኘ። ከሚላከው ኃይል ወደ ኋላ የሚመለሰው ከምንም የማይቆጠር ነበር። «ጥሩ ነው» አለ። ሮዌና ቁጥሩን ጻፈች። ቁጥሩን ሰርዛ እንደገና ጻፈችው።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሬዲዮው ተናገረ።

«ኮርዴል ቤት።»

ሁለቱም ደነገጡ። ድምፁ ከክፍሉ ውስጥ የወጣ ይመስል ነበር፤ የአተነፋፈሱ መቆራረጥ ሳይቀር ይሰማል።

«አለሁ አባዬ» አለች ሮዌና ጮክ ብላ። «በደንብ ይሰማል። የት ነህ?»

«ማጊ ሸለቆ አፉ ላይ። ቆይ፣ ልውረድ።»

ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ። ብዙ ቆየ።

«አሁን ታች ነኝ። ድንጋዩ ጋ።»

«ይሰማል።»

ልብስ ድንጋይ ላይ ሲታሸት ተሰማ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ ዝቅ ያለ፣ ደረት ላይ የተጫነ ነገር ያለበት ዓይነት።

«ተኝቻለሁ» አለ። «እሱ በተኛበት። ሬዲዮው እጄ ላይ ነው። አሁንስ?»

ሮዌና ቁልፉ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ አልተጫነችም። ኦወን አጠገቧ ነበር፤ የሚያስበውን ከዓይኑ አነበበች፤ እሷም እኩል አስባው ነበርና። «አይሰማም» ብትል ሁሉም ያበቃል። በየትኛውም አንቴና አይሰማም ነበር ማለት ነው። ኮልን ገደሉ ገደለው እንጂ ማንም አልገደለውም። አባቷ ዕረፍት ያገኛል፤ እሷ አባቷን ታገኛለች፤ ይህ ሰው ነፃ ይወጣል። አንዲት ቃል ናት። ማንም አያውቅም።

«ሮ» አለ ኦወን በሹክሹክታ። «ማንንም አትጎጂም።»

በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ወደ ሸለቆው ይወርዳል። አይሰማም ብሎ ካመነ መጥሪያውን ሳይነካው ይሞታል።

ተጫነችው።

«ይሰማል አባዬ። አንድ ቃል አልጎደለም።»

ኔቪል ሊመልስ ቁልፉን ተጫነ። ከዚያ መልቀቁን ረሳው፤ ስለዚህ ሁለቱ ክፍሉ ውስጥ ቆመው፣ ድምፁ የደረሰው ጎረቤትም ሁሉ በየቤቱ ሆኖ፣ አንድ የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው መሬት ላይ ተኝቶ ሲያለቅስ ሰሙ። ወይዘሮ ዳፍኒ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ሮዌና ድምፁን መቀነስ ትችል ነበር። መቀነስ ሸሽቶ እንደመውጣት ስለመሰላት እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

*

አሥር ሰዓት ላይ ኔቪል ተመለሰ። ጀርባው ሁሉ ቀይ አፈር ነበር። ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ውሃ ጠጣ፤ ብርጭቆውን አጥቦ አስቀመጠ። ኦወንን በቀጥታ አየው።

«አጭሩን ነግረሃት ነበር።»

«ነግሬአት ነበር፣ አለቃ። ከዚያ ረጅሙን ሰቀልኩት።»

«አዎ። ሰቀልከው።» ወደ ልጁ ዞረ። «ከእሱ ጋር መሄድ ከፈለግሽ አልከለክልሽም። ድሮ ከልክዬ ነበር፤ አሁን የምከለክልበት አቅም የለኝም። ብትቀሪም አላባርርሽም። ግን ራት ላይ ፊት ለፊቴ አትቀመጪ። እስኪወጣልኝ። የሚወጣልኝ ከሆነ።»

ወጥቶ ሄደ። ኦወን ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«ነይ» አላት። «ዕቃሽን ይዘሽ ነይ። ድንኳን ነው ያለኝ፣ ውሻም አለ። ከዚህ ቤት ግን ይሻላል።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማን ያዳምጣል?»

«ስኖው።»

«ስኖው ሜዳ ነው የሚውለው፤ እሱ ራሱ ከሚጠሩት አንዱ ነው። አባዬ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ድምፅ አይሰማም። አንድ ሰው ሲያቃስት የሬዲዮ ጫጫታ ነው ብሎ ያልፈዋል።»

«ሮዌና፤ ይቺ አንቴና እኔ ጋ አትደርስም።»

«አውቃለሁ። አስልቼዋለሁ። ቢበዛ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር።»

«ይህን እያወቅሽ አዘዝሽው?»

«ይህን እያወቅሁ አዘዝኩት።»

ኦወን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። «እኔስ? እኔን ማን ይጠራኛል? እዚያ ሜዳ ላይ እኔ ብገለበጥ ማን ‹አለህ ወይ› ይለኛል?»

እጆቹን ያዘቻቸው፤ ጉድጓድ ውስጥ የሻከሩ፣ የብሎን ቅባት የያዙ እጆች። ግንባሯን መዳፉ ላይ አሳረፈች። ያን ጊዜ ሳመችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን ብርሃን፣ በአባቷ ቤት፣ ማንም ቢያይ ሳይገዳት። ሲላቀቁ የኦወን ዓይን ቀልቶ ነበር።

«ክፉ ሴት ብትሆኚ ይቀለኝ ነበር» አላት።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ፒካፑ ወደ ምዕራብ ወጣ። አቧራው ከመንገዱ ላይ እስኪረግፍ ቆማ አየችው። ተመልሳ የምትገባበት ቤት ውስጥ የአባቷ አንድ ሰሃን ብቻ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ነበር።

*

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሬዲዮው ፊት ተቀመጠች። ስኖውን ጠራች። ሰሜን ካለው ጉድጓድ ሆኖ «አለሁ፣ የኔ ልጅ» አለ፤ እንደወትሮው አልቀለደም። ሁለቱን ወጣት ከብት ነጂዎች ጠራች። አንዱ ከድንጋዮቹ መካከል ነበር፤ ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ። ሁሉም አሉ። ሰዓቱን ጻፈች። ከግድግዳው ወዲያ የአባቷ ቢላዋ ሰሃን ሲነካ ይሰማል።

ልትነሣ ስትል ሬዲዮው ተንሾካሾከ። ሌላ ሰው ቢሆን ጫጫታ ነው ይል ነበር። ጆሮዋን አስጠጋች።

«...ዴል ቤት። ኦወን ነኝ።»

«አለሁ» አለች። «ድምፅህ በጣም ደካማ ነው። የት ነህ?»

«አሮጌው ገንዳ ጋ። ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር። መቶ ሜትር አልፌ ሄድኩ፣ ጠፋሽ። ወደ ኋላ ተመለስኩ።»

«ለምን ቆምክ?»

«ድንኳን ልተክል።» ጫጫታው ድምፁን በላው፣ መልሶ ተፋው። «...ሥራዬ ጋ ጠዋት እነዳለሁ። ማታ እዚህ እመለሳለሁ። በዚህ ሰዓት።»

«እስከ መቼ?»

መልሱ ረጅም ነበር። ከውስጡ ሁለት ቃል ብቻ ነው የለየችው፤ «ስሜን» እና «ጥሪ»። ሌላውን ሁሉ ሜዳው ወሰደው። እንዲደግምላት አልጠየቀችውም።

ከግድግዳው ወዲያ የአባቷ ቢላዋ ቆመ።

ሮዌና ቁልፉን ተጫነች። ሜዳ እንደዋሉት ሁሉ ስሙን ለመጥራት ነበር የተጫነችው። አባቷ እየሰማ ግን ቃል አልወጣላትም፤ ጣቷንም ማንሣት አልቻለችም። ሬዲዮዋ የሚደርስበት ቤት ሁሉ፣ ገንዳው አጠገብ መኪናው ውስጥ የተቀመጠውም ሰው፣ ለብዙ ጊዜ ትንፋሿን ብቻ ሰማ።